ያልዋኘነው ዋና

(በደጋፊዎቻችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዚህ መድረክ የቆምነው አራታችን ስፖርተኞች ተብለን ብንጋበዝም፣ እውነቱን ለመናገር የመጣነው ሒሳብ ልናወራርድ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከብዙዎቻችሁ በፊርማችሁ የጸና ቃል ተቀብለን ነበር። ውሉም እንዲህ የሚል ነበር፦ እኛ በምዕራብ ጎጃም በግሽ ዓባይ አካባቢ እንዋኛለን፣ ብስክሌት እንነዳለን፣ እንሮጣለን፤ እናንተ ደግሞ በየኪሎ ሜትሩ፣ ለዋናው ግን በየመቶ ሜትሩ፣ ገንዘብ ትሰጣላችሁ፤ ገንዘቡም በዚያው አገር በአንድ ወንዝ ላይ ለሚሠራ የእግረኛ ድልድይ ይውላል። ብስክሌቱን ነድተናል፤ ሮጠናልም። አልዋኘንም። ለምን እንዳልዋኘን በጽሑፍ ብንገልጽላችሁም፣ ፊት ለፊት ቆሞ መናገር ይገባል ብለን መጣን።

አስቀድመን ስለ ስፖርቱ ጥቂት እንበል፤ ትራያትሎን ሲባል የመድኃኒት ስም የሚመስለው አይጠፋምና። ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን ያለ ዕረፍት አከታትሎ መወዳደር ማለት ነው። በዚህ ስም የመጀመሪያው ውድድር የተደረገው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1974 በአሜሪካ በሳን ዲዬጎ ከተማ ሲሆን፣ የተሰለፉት 46 ሰዎች ነበሩ። በ2000 በሲድኒ ከኦሎምፒክ ውድድሮች አንዱ ሆነ። ከአስፋልት ወጥቶ በጫካና በተራራ የሚካሄደው ዓይነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 በሐዋይ፣ በማዊ ደሴት ተጀመረ። ኤክስቴራ በሚባለው በዚህ ውድድር የተለመደው ርቀት 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 30 ኪሎ ሜትር የተራራ ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር የጥርጊያ መንገድ ሩጫ ነው። ከተሰላፊዎቹ የሚበዙት በዚህ እንጀራ የማይበሉ፣ እንደ እኛ በሥራ ውለው ማታና ንጋት ላይ የሚለማመዱ አማተሮች ናቸው፤ በአምስት አምስት ዓመት የዕድሜ ክልል ተከፍለው ይወዳደራሉ።

ከመካከላችን አንዱ በውጭ አገር ለትምህርት ሳለ በእንዲህ ያለ ውድድር ሁለት ጊዜ ተሰልፏል። የነገረንን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። ጥይት ሲተኮስ በመቶ የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ አንዱ ይረግጥሃል፣ ሌላው መነጽርህን በእግሩ ያወልቀዋል። ከውኃ ስትወጣ እጅህ ደንዝዞ የራስ ቁርህን መቆለፍ ያቅትሃል፤ ሕጉ ግን ሳትቆልፍ ብስክሌቱን መንካት ይከለክላል። ጫካው ውስጥ ጎማ ቢፈነዳብህ ራስህ ትጠግናለህ እንጂ ከውጭ ሰው ርዳታ መቀበል አይፈቀድም። ከብስክሌት ወርደህ ስትሮጥ እግርህ የሌላ ሰው እግር ይሆንብሃል። ወንድማችን በመጀመሪያው ጊዜ ከኋላ ሦስተኛ ወጣ። አስተናባሪዎቹ ጠረጴዛውን አጣጥፈው ነበር፤ አንዲት ሴት ግን የተላጠ ብርቱካን ይዛ ስትጠብቀው አገኛት። ይህን ሲያወራ እስከ ዛሬ ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

የቀረነው ሦስታችን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአዲስ አበባ በሚደረገው በታላቁ ሩጫ ከሕዝቡ ጋር ስንጋፋ የኖርን ነን። መሮጥ ለኢትዮጵያዊ ብርቅ አይደለም። ብስክሌትም ቢሆን አገራችን እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ የተሰለፈችበት፣ በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የነዳው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነበት ስፖርት ነው። ያስቸገረን ዋናው ነው። ሁለታችን ደጋ ተወልደን ስላደግን ከጉልበት በላይ ውኃ ውስጥ ገብተን አናውቅም ነበር። በሶደሬ ገንዳ ከሕፃናት ጋር ተማርን፤ ከዚያ በላንጋኖ ሐይቅ በየጊዜው ሄደን ተለማመድን። ባለቤቶቻችን ስንቅ ቋጥረው የሸኙን በጸሎት ጭምር እንደ ነበር አሁን ነው የነገሩን።

ግሽ ዓባይ በሰከላ ወረዳ ያለች፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት የደጋ ከተማ ናት። በዚያ ከፍታ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ከዚያች ከምንጩ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ፈስሶ ጣና ይገባል። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 ያን ምንጭ ለማየት ብለው ነው ያን ሁሉ አገር ያቋረጡት። ምንጩ ለኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን የተቀደሰ ጠበል ነው፤ የጻድቁ የአቡነ ዘርዐ ብሩክም ስም የሚጠራበት ቦታ ነው። ከእኛ መካከል አንዱ ገና አዲስ አበባ ሳለን፣ ዋናውን ከምንጩ አጠገብ ብንጀምረው ፎቶግራፉ ያምራል ብሎ ነበር። ስሙን አንጠራም፤ ዛሬ ከእኛ ጋር ቆሟል፣ ፊቱን አይታችሁ ትለዩታላችሁ። ሰው በእምነት ተንበርክኮ የሚጠመቅበትን ውኃ መዋኛ አድርጎ ማሰቡ ራሱ ስላሳፈረን ነገሩን እዚያው ተውነው። ጣናም አልሆነልንም። ሩቅ ከመሆኑ በላይ በዳርቻው የቢልሃርዚያ በሽታ አለ፤ ተሐዋስያኑ ከቀንድ አውጣ ወጥተው በውኃ ውስጥ በቆዳ በኩል ይገባሉ። ስለዚህ ድልድዩ በሚሠራበት ወንዝ እንዋኛለን ብለን ወሰንን። ለድልድዩ ገንዘብ የምናገኘው ድልድይ በሌለው ወንዝ በመዋኘት ነው ማለት ነው። በወረቀት ላይ እጅግ ያማረ ሐሳብ ነበር።

በመስከረም 2015 ዓ.ም. ቦታውን ለማየትና ለመለማመድ ሄድን። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አልፈን እስከ ቲሊሊ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በብስክሌት ነበር። ያን ሰሞን ያን አገር ያላየ ሰው የጎጃምን ውበት አውቃለሁ አይበል፤ አደይ አበባው፣ ገብሱ፣ የድንች ማሳው። ጭቃውም እንደዚያው ነው። ቀዩ ጭቃ በጎማውና በሹካው መካከል እየተጠቀጠቀ ተሽከርካሪው መዞር እምቢ ስለሚል፣ ብስክሌቱን በትከሻ ተሸክሞ መሄድ ግድ ይሆናል። ብስክሌቶቻችንን ተሸክመን አቀበቱን ስናለከልክ አንዲት እናት ከደጃቸው ላይ ሆነው ለረጅም ጊዜ አዩን።

«ምነው ልጆቼ፣ ማን አሳደዳችሁ?» አሉን።

ማንም እንዳላሳደደን፣ ወደንና ፈቅደን እንደምንሮጥ ብንነግራቸው አላመኑንም። ወተት አጠጡን።

በማግስቱ ወደ ወንዙ ወረድን። ከሰዓት በኋላ ከላይ በኩል ዘንቦ ስለ ነበር ውኃው ደፍርሶ ሞልቷል። እኛ ቆመን የት እንደምንገባና የት እንደምንወጣ ስንለካ፣ ከማዶው ዳገት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው እየሮጡ ሲወርዱ አየን። ስምንት ሆነው እየተቀያየሩ ነው የሚሮጡት፤ ሲቀያየሩ እንኳ አይቆሙም። አብዛኞቹ በረባሶ አድርገዋል፤ ሁለቱ ባዶ እግራቸውን ነበሩ። በቃሬዛው ላይ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ የሆነ ሴት ተኝታለች። እናቷ ከጎን ጋቢ ዘርግተው እየጋረዷት ይከተላሉ። መኪና የሚያገኙት ከእኛ ወገን፣ ዳገቱን ከወጡ በኋላ ነው። ከወንዙ ዳር ደርሰው ቆሙ።

ከመካከላችን በዋና የሚበልጠን፣ ያ በሐይቅ የተወዳደረው ወንድማችን፣ መሻገሪያ ልፈልግላቸው ብሎ ገባ። ውኃው ከጭኑ አልበለጠም ነበር። ሦስተኛ እርምጃው ላይ ወደቀ፤ ለመዋኘት ሲዘረጋ ወንዙ አንሥቶ ወሰደው። ሃያ ሜትር ያህል ታች ከዛፍ ሥር ተያዘ፤ ከማዶ አንድ ገበሬ መጫኛ ወርውሮለት ጎትቶ አወጣው። ክርኑና ጉልበቱ ተልጧል፤ ዓመት ሙሉ የለፋበት ዋና ለሦስት እርምጃ አልበቃውም። ገበሬው ያለው ይህን ብቻ ነው፦

«ወንድሜ፣ ጎርፍ ላይ አይተኛም። ዱላ ይዘህ ፊትህን ወደ ላይ አዙረህ ትቆማለህ። ካልቆመልህ ትጠብቀዋለህ።»

እኛም ከወዲህ፣ እነርሱም ከወዲያ ጠበቅነው። ውኃው እስኪጎድል አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ያን አንድ ሰዓት ለመግለጽ ብዙ ጊዜ ሞክረን አልቻልንም፤ ዛሬም አንሞክርም። የሴትየዋ ድምፅ ከማዶ ይሰማን ነበር። በኋላ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ መጫኛውን ከዛፍ ወደ ዛፍ ወጥረው ተሻገሩ፤ እኛም ከዳርቻው ገብተን ተቀበልናቸው። በዳገቱ ላይ ቃሬዛውን ተሸከምን። የስፖርት ሰዎች ነን፤ ግን በዚያ ዳገት ትንፋሻችን ቶሎ ስላጠረ ከእነርሱ ያነሰ ርቀት ነው የተሸከምነው። ይህ መታወቅ አለበት። እናቲቱ በሕይወት ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም። የመዘግየታችን ሰዓት ምክንያት ሆነ ለማለት ሐኪሞች አይደለንም፤ የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው።

በዚያች ሌሊት ባደርንበት ቤት መብራት ሳናጠፋ ተነጋገርን። አንደኛችን፣ ውድድሩ በኅዳር ነው፣ በኅዳር ወንዙ ጎድሎ ቁርጭምጭሚት አያርስም፣ እንግዲህ ዋናው ከመስከረም በቀር አይሆንም አለ፤ በመስከረም ደግሞ ሰው ይበላል። ሌላው፣ ዋናውን በላንጋኖ እንዋኝና ያንኑ እንቁጠረው አለ። ይህ በሪፖርት ላይ ማንም የማያስተውለው ነገር ነበር፤ እንዲህ ያለ ሪፖርት በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷልና። ግን የፈረማችሁት ለላንጋኖ አልነበረም። ሁልጊዜ እኛ አማኞች ስለ ስፖርት ስናነሣ የምንጠቅሰው ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 9 ስለ ሩጫ የጻፈውን ነው። በዚያች ሌሊት የተነበበልን ግን የሁለተኛይቱ መልእክት ምዕራፍ 11 ሆነ፤ በዚያ ያገኙትን መከራዎች ሲዘረዝር ወንዝንም ያነሣል። ብዙ ጊዜ አንብበነው ነበር፤ ለካ አላስተዋልነውም። ዋናውን ሰረዝነው።

በኅዳር ተመልሰን 28 ኪሎ ሜትር በብስክሌት፣ 10 ኪሎ ሜትር በእግር ሄድን። ስለዚህ ብዙ የሚወራ የለም። የአንዳችን ካቴና ተበጥሶ የበር ብየዳ የሚሠራ ወጣት በምስማር ቀጠለለት፤ በስፖርቱ ሕግ ይህ ከውድድር ያሰናብታል፤ እኛ ግን አመስግነን ሄድን። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች አብረውን ሮጡ፤ ደብተራቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀደሙን።

በጎጃም የድልድይ ነገር ረጅም ታሪክ አለው። ጎጃምን ከጎንደር ወገን የሚያገናኘው፣ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ጊዜ ከተሰበረ በኋላ፣ ሰው ከዚህ ወዲያ ማዶ በገመድ እየተሳበ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲሻገር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራለት። የእኛው ከዚያ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ሕዝቡ ድንጋይ አቀረበ፤ በእናንተም ገንዘብ ሲሚንቶና ብረት ተገዝቶ እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. ድረስ የአንዱ ወገን መሠረት ቆመ። በዚያው ክረምት በክልሉ ጦርነት ተነሣ፤ እኛም ከዚያ ወዲህ ወደዚያ መሄድ አልቻልንም። የሁለተኛው ወገን መሠረት አልተሠራም። የቀረው ገንዘብ በባንክ አለ፤ ለሌላ ሥራ አልተነካም። አንዳንዶቻችሁ፣ ለሌላ ችግረኛ ይዋል ብላችሁ ጽፋችሁልናል። ሐሳባችሁ ቅን ነው። ነገር ግን በስልክ ያገኘናቸው አንድ የአገሩ ሽማግሌ፣ ድንጋዩን ማንም እንዳይወስደው በየተራ እንጠብቃለን ብለውናል፤ እነርሱ ድንጋዩን እየጠበቁ እኛ ገንዘቡን ብናወጣው መልስ የለንም።

የቀረው የዋናው ሒሳብ ነው። በየመቶ ሜትሩ ቃል ከገባችሁ መካከል ብዙዎቻችሁ ዋናው መቅረቱን ሳታውቁ አስቀድማችሁ ከፍላችሁ ነበር። ያ ገንዘብ ለብቻው ተቀምጧል። ለድልድዩ ይሁን የምትሉ እዚያው ይቆያል፤ ይመለስልን የምትሉም ምንም አትፈሩ፤ ያልተሠራ ሥራ ዋጋ ነውና መጠየቃችሁ ተገቢ ነው። ሒሳብ ያዣችን በአዳራሹ በር በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ትቀመጣለች። ደረሰኝ ባትይዙም ግድ የለም፤ ስማችሁ በመዝገቡ ላይ ተጽፏል።