ለቦይለር የሚሆን ፍሌክሲብል ስንገዛ ሙቀቱን እንይ

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናነሣላችሁ የወደድነው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው። ቦይለሩን ከግድግዳው ቧንቧ ጋር የሚያገናኘውን፣ ላዩ በሽቦ የተጠለፈውን ፍሌክሲብል ይመለከታል። ይህ ነገር ሌሊት ሰው በተኛበት ከፈነዳ፣ ፎቅ ላይ ለምንኖረው ውሃው የሚወርደው ከታች ባለው ጎረቤት አልጋ ላይ ነው።

ብዙዎቻችን ሱቅ ገብተን የምንጠይቀው ርዝመቱንና ዋጋውን ብቻ ነው። የሽቦውም ማብረቅረቅ ያታልላል። ሽቦው የሚያግዘው ግፊቱን ለመቻል ነው፤ ሙቀቱን የሚሸከመው ውስጥ ያለው ጎማ ነው። ጎማው ከአቅሙ በላይ ሲሞቅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የተጻፈበትን እናንብብ። ለሙቅ ውሃ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ 90 ዲግሪና 10 ባር ይላል። ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ 60 ገደማ ሲደርስ ይልፈሰፈሳል፤ ለቦይለር አይሆንም። ምንም ያልተጻፈበትን ተዉት። ቀይ ክር አለው ቢሏችሁም ማስረጃ አይሆንም፣ ቀለም እኮ ነው።

«የምንታጠበው በ40 ዲግሪ፣ 90 ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። የምንመርጠው ለገላችን ሳይሆን ቦይለሩ ሊደርስበት ለሚችለው ሙቀት ነው። ቴርሞስታቱ እስከ 75 ወይም 80 ሊሄድ ይችላል፤ ከተበላሸማ ከዚያም ያልፋል። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ቦይለር ግን ዝግና ግፊት ያለበት ስለሆነ ከዚያም በላይ ሊሞቅ ይችላል። ሴፍቲ ቫልቩ አንጠባጠበ ብሎ መድፈንማ ቤት ውስጥ ቦምብ ማስቀመጥ ነው።

የቀዝቃዛው በኩልስ? እሱም 90 የሚችል ይሁን። ውሃ በፈረቃ ሲቋረጥ፣ ውሃውን ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ ካረጀ፣ ሙቁ ውሃ በዚያ በኩል ይመለሳል። ሌሊት ውሃው በኃይል ሲመጣ የሚያገኘው ያንኑ የተዳከመ ጎማ ነው።

ጣራ ላይ የፀሐይ ማሞቂያ ያላችሁ ጎማ ባለው ባትተማመኑ ይሻላል። ሳይቀዳ ከዋለ ከ90 ሊያልፍ ስለሚችል፣ ጎማ የሌለበት ሽብሽብ የማይዝግ ብረት ቱቦ ያስፈልገዋል።

ከሽቦው አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ ወይም ዝጎ ካያችሁ አትቆዩ፣ ለውጡት። በቅድሚያ መብራቱን አጥፉ፣ ውሃውን ዝጉ፣ እስኪበርድ ጠብቁ። ሲታሰር አይጠምዘዝ፣ ጫፉም ላይ አይታጠፍ፤ ጎሚኒውም አብሮ ይለወጥ። ውሃውን ከፍታችሁ ቦይለሩ ከሞላ በኋላ መብራቱን አብሩ፤ ሲሞቅም መጋጠሚያውን በደረቅ ሶፍት ዳብሱት፤ ከረጠበ እንደገና ይታሰር።