ጥማትና የትንፋሽ ማጠር፦ ክኒኑን ሳናቋርጥ ምክንያቱን እንፈልግ
(በማክሰኝት ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የተዘጋጀ ንግግር)



ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ስንነጋገር ሰንብተናል። ዛሬ ስለሚያርሰው ሰው ጤና እንነጋገር። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ክኒኑን በየቀኑ የሚወስድ ሰው እንደ ማንኛችንም ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ልጆቹን ያሳድጋል። በየቡድናችሁ እንዲህ ያለ ሰው ሊኖር ይችላል። ማን እንደሆነ ማወቅ ግን አያስፈልጋችሁም።

አንዳንዱ ሰው ክኒን ከጀመረ ወይም ከተቀየረለት በኋላ «ውኃ ውኃ ይለኛል፣ ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል» ይላል። ከዚያም ማንንም ሳያማክር ክኒኑን ይተዋል። ትልቁ አደጋ ይህ ነው። ክኒኑ ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይራባል፤ መድኃኒቱንም ሊላመደው ይችላል። ሽምብራችን ሲጠወልግ ወዲያው አንነቅለውም፤ ውኃ ተኝቶበት ነው ወይስ ተባይ ገብቶበት ብለን ሥሩን እናያለን። ለራሳችንም እንዲሁ እናድርግ።

መጀመሪያ ጥማትን እንይ። በውቂያ ሰሞን በፀሐይ ውሎ መጠማት ያለ ነው፤ ውኃ ሲጠጡ ይቆርጣል። ሌሊት የሚቀሰቅስ ጥማት፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣትና መክሳት ካለ ግን የደም ስኳር ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ዛሬ በብዛት በሚሰጠው ክኒን ውስጥ ያለው ዶሉቴግራቪር በአንዳንድ ሰዎች ላይ ስኳርን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ምርመራው ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም ይሠራል። እስከዚያው ንጹሕ ውኃ እንጂ ለስላሳ መጠጥ አይጠጣ፤ ለስላሳ ስኳሩን ያብሰዋል። ለስኳር ሜትፎርሚን የታዘዘለት ሰውም መጠኑ መስተካከል ስላለበት የሚወስደውን የኤች አይ ቪ ክኒን ለባለሙያው ይንገር።

ወደ ትንፋሽ ማጠር ስንመጣ፣ ዚዶቩዲን የተባለው መድኃኒት ደም ሊያሳንስ ይችላል። ድካም፣ የልብ ምት መፍጠንና የዓይን ቆብ ውስጡ መገርጣት ምልክቶቹ ናቸው። ወባና የአንጀት ትላትልም ደም ያሳንሳሉ። ሳል፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ከታከለበት ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ሁሉም በምርመራ ይለያል፤ መድኃኒቱ ጥፋተኛ ከሆነም ባለሙያው በሌላ ይቀይረዋል። ምስር፣ ሽምብራና ጎመን መብላት፣ ቡናና ሻይንም ከምግብ ጥቂት ቆይቶ መጠጣት ደምን ያግዛል። የብረት ክኒን የታዘዘለት ሰው ከዶሉቴግራቪር ጋር በምን ሰዓት እንደሚወስደው ይጠይቅ።

ሁለት ሁኔታዎች ግን ቀን አይሰጡም። አንደኛው፣ ብርቱ ጥማት ከማስታወክና ከትንፋሽ መፍጠን ጋር ሲመጣ ነው። ሁለተኛው፣ አባካቪር ያለበትን መድኃኒት በጀመሩ ሳምንታት ውስጥ ትኩሳት፣ ሽፍታና የትንፋሽ ማጠር ሲታይ ነው። ያን ዕለት፣ ቀጣዩን ክኒን ከመዋጥ በፊት፣ ጤና ጣቢያ መድረስ ያስፈልጋል።

ከእናንተ የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። ይህን ምክር ማንንም ሳትለዩ ለቡድናችሁ በሙሉ ንገሩ። በደቦ ቀን «ቀጠሮ አለኝ» ያለውን ሰው ምክንያቱን ሳትጠይቁ ልቀቁት። የነገራችሁን ሰው ምሥጢር ጠብቁ። ሰው ክኒኑን የሚተወው ስለታመመ ብቻ አይደለም፤ የሚጠይቀው ሰው ሲያጣም ነው።