በሁዳዴ የሚነጠር ቅቤ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቅቤ ነው። «በጾም ስለ ቅቤ ማውራት ምን የሚሉት ነው?» የምትሉ አትጠፉም። ጿሚው 55 ቀን ከቅባት ሲርቅ ላሟ ግን አትጾምም። ከሱሉልታና ከሰላሌ በኩል መጥቶ እዚሁ ጉለሌ አዲሱ ገበያ የሚወርደው ቅቤ ፈላጊው ይቀንሳል። የፋሲካ ሳምንት ሲደርስ ደግሞ ሁሉም አንዴ ይሻማበታል። ተረጋግቶ መርጦ መግዣው እንግዲህ አሁን ነው።

ነጋዴዎች ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል እያሉ ይሸጡላችኋል። ለጋው ሰሞኑን የተናጠ፣ ጠረኑ ገና ወተት ወተት የሚል ነው፤ ለፀጉርም ለገንፎም ይፈለጋል። በሳሉ ቆየት ያለ፣ ጠረኑ ጠንከር ያለ ነው። ብዙ እናቶች ለወጥ በሳሉን የሚመርጡት ትንሹ ብዙ ስለሚያጣፍጥ ነው። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፤ በዶሮ ወጥ ውስጥ ለጋ ቅቤ ይባክናል።

በሳልና የተበላሸ ግን ለየቅል ናቸው። ከጥሬ ቅቤ ከመቶው 16 ያህሉ ውኃ ነው፤ በደንብ ካልታጠበ አሬራም ይቀርበታል። በዚህ እርጥበት ስቡ ቀስ በቀስ ሲፈራርስ ቡቲሪክ አሲድ ይለቀቃል። ያ አፍንጫ የሚይዘው የበሳል ቅቤ ጠረን በአብዛኛው ከእሱ ነው፤ ልኩን ከያዘ ጣዕም ይሆናል። ሞሮኮዎችም ስመን የሚሉትን ቅቤ ሆን ብለው ለወራት፣ ሲላቸውም ለዓመታት ያቆዩታል። ሁለተኛው መንገድ ክፉ ነው፤ ስቡን አየርና ብርሃን ሲያገኙት የከረመ ዘይት ይሸታል፣ ሲቀምሱትም ጉሮሮ ይከረክራል። ይህንን ማንጠር አይመልሰውም። ስትገዙ ጥቂት ወስዳችሁ በጣታችሁ እሹና አሽትቱት። የሻገተ ነጠብጣብ ካያችሁበት ተዉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቅቤ አንዴ ከተነጠረ በኋላ መብሰሉ ይገታል ማለት ይቻላል፤ ውኃው ስለሌለ። ስለዚህ የምትፈልጉትን ጠረን ማግኘት ያለባችሁ ሳይነጠር ነው። ለጋ ገዝታችሁ ማብሰል ከፈለጋችሁ በቀዝቃዛ ውኃ አጥባችሁ፣ ውኃውን ጨምቃችሁ፣ በሸክላ ወይም በብርጭቆ ዕቃ ጠቅጥቃችሁ፣ ከድናችሁ ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። በየሁለት ሦስት ቀኑ አሽትቱት፤ ጠረኑ ልባችሁ ያለው ደረጃ ሲደርስ አንጥሩት። የእኛ ሰፈር ከእንጦጦ ሥር ስለሆነ ብርዱ ያግዛል። ቆላ ቢሆን ቅቤው ራሱ ቀልጦ ይጠብቃችኋል።

ስታነጥሩ እሳቱ ዝግ ይበል። ጉለሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቅቤው ቶሎ ይንተከተካል፣ አረፋም ይደፍቃል፤ ያኔ «ደረሰ» ብሎ ማውጣት ነው ብዙውን ቤት የሚያሳስተው። ጆሯችሁን ስጡት። ውኃ እስካለው ድረስ ይንጣጣል። ድምፁ ሲረጋ፣ አረፋው ሲሳሳ፣ ላዩ ጥርት ብሎ ከሥር ያለው ዝቃጭ ወርቃማ ሲሆን ውኃው አልቋል። በዚህ ሙቀት ከጥሬ ወተት ሊመጡ የሚችሉ እንደ ብሩሴላ ያሉ ተሕዋስያንም ይሞታሉ።

ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የራሳቸውን ውኃ ይዘው ስለሚመጡ ከጅምሩ ይግቡ። ኮሰረትና በሶብላ ደረቁ ይሁን። ኮረሪማው መዓዛው እንዳይተን መጨረሻ ላይ ይጨመር። እርዱን ግን እባካችሁ ቆጠብ አድርጉት፤ አንዳንዱ ቤት ቅቤው ቀለም እንጂ ቅቤ አይመስልም።

ከአንድ ኪሎ ጥሬ ቅቤ ከ800 ግራም ብዙም የሚበልጥ ንጥር አትጠብቁ። በጣም ካነሰባችሁ ውኃ ገዝታችኋል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ነጋዴ ቀይሩ።

ዕቃውን በተመለከተ፣ የመዳብና ሽፋን የሌለው የብረት ዕቃ ብልሽቱን ያፋጥነዋል። ትኩሱን ቅቤ በሃይላንድ ጠርሙስ መገልበጥም ይቅር። በደንብ የደረቀ የብርጭቆ ማሰሮ ወይም የማይዝግ ዕቃ ይበቃል። እስከ አፉ ሙሉት፤ ባዶ ቦታ ከተረፈው አየር ይይዛል። በትልቅ ዕቃ ከማጠራቀም በትንንሹ መከፋፈል ይሻላል፤ የተከፈተው እስኪያልቅ ሌላው አይነካም። እንዲህ የተያዘ ንጥር ቅቤ ቀዝቃዛና ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ፍሪጅ ከስድስት ወር በላይ ይቆያል። ማንኪያችሁ ግን ሁልጊዜ ደረቅ ይሁን። ከማሰሮው ሥር የውኃ ጠብታ ካያችሁ ቅቤው ሳይበቃው ወጥቷል፤ ጠረኑ ካልተለወጠ ዛሬውኑ መልሳችሁ እሳት ላይ ጣዱት።