«ጠይቋታል ወይ?»

(አዳማ ላይ ለፊልም ወዳጆች ካደረግሁት ንግግር)



ስለ ርካሽ ፊልም ላወራ ነው የመጣሁት። ርካሽ ስል እንዳትቀየሙኝ፤ እኔን ያሳደገኝ እሱ ነው። ደርግ በወደቀ ማግሥት ናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ፣ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበረን። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዷል፤ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ የላብ ወበቅ! ካራቴ ሲሰለች ዕብድ ሳይንቲስት ይመጣል።

ቤተ ሙከራውን ታውቁታላችሁ፤ ጠርሙስ፣ ጭስ፣ የሚንጣጣ ኤሌክትሪክ። ኬኔት ስትሪክፋደን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1931 ለ«ፍራንከንስታይን» የሠራውን መሣሪያ ሜል ብሩክስ በ1974 ለቀልድ ፊልም ተጠቀመበት። ያው ዕቃ መጀመሪያ አስፈራ፣ ኋላ አሳቀ! እኛ ሁለቱንም በአንድ ምሽት እናደርገው ነበር። ውድ ፊልም አፍ አስይዞ ያስቀምጣል። የርካሹ ግን ክሩ ስለሚታይ፣ «ይሄን የሚጎትተው ማነው?» ያሰኛል።

እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣ አንድ ፊልም አለ፤ «አልሞትም ያለው አንጎል» እንበለው። (መጨረሻው ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ግን «ጭንቅላት» ይለዋል። የራሳቸውን ርእስ እንኳ አላስተካከሉም!) ዶክተሩ በመኪና አደጋ የተቀጠፈች እጮኛውን ጭንቅላት ይዞ ይሮጣል፤ ትሪ ላይ አስቀምጦ በሕይወት ያቆያታል፤ ከዚያ ገላ ፍለጋ የጭፈራ ቤት ያስሳል።

አንድ ማታ አክስቴን ይዣት ሄድኩ። አክስቴ በ1978 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ በመንደር ምሥረታ ቤቷን በገዛ እጇ አፍርሳ፣ እንጨቱን ተሸክማ የሄደች ሴት ናት። «ለእናንተው ጥቅም ነው» ተብላ! ልጁ ሁሉ ይስቃል፤ እኔ የገባኝን ያህል አስተረጉምላታለሁ። ጭንቅላቷ «ተወኝ ልሙት» እያለች ትለምናለች።

«ጠይቋታል ወይ?» አለችኝ አክስቴ።

«ማንን?»

«ልጅቷን ነዋ! እንዲህ ላድርግሽ ብሎ ጠይቋታል?»

«ኧረ አልጠየቃትም።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቃችሁ?»

ዝም አልኩ። እኛ አገር ሙከራው ሲከሽፍ ጥፋተኛው ምንጊዜም ጠረጴዛው ላይ የተኛው ነው፤ ሐኪሙማ ሌላ ዕቅድ ይዞ ይመጣል።

በተቆለፈው ጓዳ ደግሞ የዶክተሩ የቀድሞ ሙከራዎች ያበላሹት ፍጡር አለ። ጭንቅላቷ ታነጋግረዋለች፣ ታነሣሣዋለች። በሩን ገንጥሎ ወጣና ዶክተሩን ጨረሰው። አክስቴ እልል አለች! ቪዲዮ ቤት ውስጥ እልልታ የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

«ያችን የበሩን ቦታ መልስልኝ በለው» አለችኝ። ባለቤቱ ካሴቱ ይበላሻል ብሎ አሻፈረኝ አለ። በማግሥቱ እንደገና ከፍዬ አስገባኋት።