ያገለገለ ፒክአፕ መቼ እንግዛ?

(የመረዳጃ ማኅበራችን ጸሐፊ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረገው ንግግር ነው። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባላት ሲባል በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ ተደርጓል።)



 እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ሳይሆን ኪሴን አራቁቶ ያስተማረኝን ነገር ነውና በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናችኋለሁ።

እንደሚታወቀው ሁሉ ማኅበራችን ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱንና ሳህኑን ሲያመላልስ የኖረው በኪራይ መኪና ነው። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የደረሰብንን ደግሞ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ዝናቡ ይወርዳል፤ የተከራየነው መኪና ዳገቱን እምቢ ብሎ መንገድ ላይ ቆመ፤ ድንኳኑ ሳይተከል ለቅሶኛው በየጎረቤቱ በረንዳ ተጠልሎ አረፈደ። መኪናውን የተከራየሁት እኔ ነበርኩና ያን ዕለት ሐዘንተኞቹን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው «ዕድራችን የራሱ መኪና ይኑረው» የሚለው አሳብ የጠነከረው። ባለፈው ጥር ስብሰባችንም መኪናው እንዲገዛ ተወስኗል። እንግዲህ መግዛቱ አከራካሪ አይደለም፤ ዛሬ የቀረን ጥያቄ «መቼ?» የሚለው ነው።

በዚህ ላይ ሁለት አሳብ እየተሰማ ነው። አንደኛው ወገን «ምን ይጠበቃል? ዛሬውኑ ይገዛ፤ ነገ ይወደዳል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ኧረ ተዉ፤ አንድ ሁለት ዓመት ብንታገሥ ዋጋው ይወርዳል» ይላል። ሁለቱም ለማኅበሩ አስበው ነው የሚናገሩት። ነገር ግን ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ልክ አይመስሉኝም።

በመጀመሪያ «እንታገሥ» ለሚሉት ልመልስ። በሌላው አገር መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል ይባላል። በእኛ አገር ግን መንገዱ እንዲህ ቀና አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ ያገለገለ መኪና ላይ፣ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱም እንዲጨምር አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገለጸ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣው ሲወደድ እዚህ ያለው አሮጌም አብሮ ይወደዳል፤ መለዋወጫውም እንዲሁ። ስለዚህ ዓመት ቆጥሮ መጠበቅ ገንዘባችንን ያመነምነው እንደሆነ እንጂ የሚጠቅመን አይመስለኝም።

«ዛሬውኑ» ለምትሉት ደግሞ የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ። ኮሚቴው ያውቃል፤ ለሌሎቻችሁ ግን ተናግሬው አላውቅም።

በ2005 ዓ.ም. ከወንድሜ ጋር ሆነን አንድ ያገለገለ ፒክአፕ ገዝተን ነበር። የገዛነው በጥር ወር ነው። ጊዜው ሠርግ በሠርግ የሆነበት፣ እህሉም ከአውድማ ወጥቶ ገበያ የሚገባበት ነበርና ጭነት ያለው ሰው ሁሉ መኪና ይፈልጋል። እኛም ሥራው እንዳያመልጠን ቸኮልን። ደላላው «ሌላ ገዢ ከሰዓት በኋላ ይመጣል» አለን። መኪናውን ያየነው በቀትር ፀሐይ ነው፤ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል፤ ሞተሩም ሞቆ ነበርና አንዴ ሲነካ ተነሣ። የተጠየቅነውን ከፈልን።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ መጣ። ጋቢናው ውስጥ ውኃ ይንጠባጠብ ጀመር። ምንጣፉን ብንገልጠው ወለሉ በዝገት ተበልቷል፤ በላዩ ላይ አዲስ ምንጣፍ ተነጥፎበት ነው። ጧት ጧት ሞተሩ ሰው ካልገፋው አይነሣም። መካኒኩ ከፍቶ ሲያየው ቴስታታው ተሰንጥቋል። እሱን ስናሠራ ፍሪሲዮኑ፣ ፍሪሲዮኑን ስናሠራ ባሌስትራው። በነሐሴ መጨረሻ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰ፣ ዓመት በዓሉም ደረሰ፤ በእጃችን ሳንቲም አልነበረም። ያንኑ መኪና ከገዛንበት በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ሸጥነው። ገዢው አልተጨቃጨቀም፤ ፊታችንን አይቶ ነገሩ ገብቶታል።

እንግዲህ እኔ በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለቱም በኩል ተቀጣሁ ማለት ነው። ሁሉ ሰው በሚፈልግበት ወር ገዛሁ፤ ሁሉ ሰው ገንዘብ በሚያጣበት ወር ሸጥሁ። ከዚያ የተማርኩት ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም፦ ጥሩው ጊዜ ገዢው ያልቸኮለበት፣ መኪናውም ነውሩን መደበቅ የማይችልበት ጊዜ ነው።

ይህን ይዘን ወራቱን እንያቸው።

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለእኛ አይሆንም። አዝመራ ይሰበሰባል፣ ነጋዴው ጭነት አለው፣ በጥር ከጥምቀት በኋላ ሠርጉ ይበዛል። በዚህ ጊዜ ደኅና መኪና ያለው ሰው ይሠራበታል እንጂ አይሸጥም፤ የሚሸጠውም ዋጋውን ይሰቅላል። ገበያ የሚወጣው አብዛኛው እኔን ያገኘኝ ዓይነት ነው።

ሰኔ ሌላ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ ሂሳባቸውን በዚሁ የሚዘጉ ድርጅቶችም ብዙ ናቸው። የማያስፈልጋቸውን ንብረት በጨረታ የሚሸጡ መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያቸውን በጋዜጣ ያወጣሉ፤ ስለዚህ አዲስ ዘመንን በየቀኑ የሚያይልን አንድ ወጣት ያስፈልገናል። ነገር ግን ጨረታ የራሱ ጣጣ አለው። መኪናው የሚሸጠው ባለበት ሁኔታ ስለሆነ በኋላ «ተበላሽቶብኛል» ብሎ መመለስ የለም። ማስያዣ ገንዘብ በሲፒኦ ይጠየቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀረጥ የተከፈለበት መሆኑን ማስታወቂያው ላይ ማንበብ ነው። ቀረጡ ያልተከፈለ ከሆነና ክፍያው ለገዢው ከተተወ፣ ርካሽ ያልነው መኪና ከሁሉ የተወደደ ሆኖ ይገኛል።

ሐምሌና ነሐሴ በእኔ አስተያየት ዋናዎቹ ናቸው። ጭነት ይቀንሳል፤ ገዢም በዝናብ ወጥቶ መኪና ማየት አይወድም። ሻጩ ደግሞ መስከረም ከመጥባቱ በፊት ገንዘብ ይፈልጋል፤ የትምህርት ቤት ምዝገባ አለ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ አለ፣ ዘመን መለወጫና መስቀል አለ። ሁለተኛውና ትልቁ ጥቅም ደግሞ ዝናቡ ራሱ ነው። ዝናብ ከመካኒክ የማይተናነስ መርማሪ ነው። ጋቢናው ያፈስ እንደሆነ ያኔ ይታያል። የዝናብ መጥረጊያው፣ መብራቱ፣ ፍሬኑ፣ ጎማው በጭቃ ዳገት ላይ ይፈተናል። የእኛ ዕድር መኪና ደግሞ በዚያው ጭቃ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ሞት በጋ አይጠብቅም።

ወሩን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም እንምረጥ። መኪና የሚታየው በጧት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ነው። ሻጩን «እኛ እስክንመጣ እንዳታስነሣው» ማለት ይገባል። ስንደርስ መጀመሪያ እጃችንን ኮፈኑ ላይ እናሳርፍ፤ ከሞቀ ቀድሞ አስነሥቶታል ማለት ነውና ሌላ ቀን በጧት ተመልሰን እንየው። ሲነሣ የሚያወጣውን ጭስ መካኒኩ ይይ። ምንጣፉ ይገለጥ፤ ካሶኒው ሥር ጎንበስ ተብሎ ይታይ። ስቱኮ የተለጠፈበት ላሜራ በጣት ሲንኳኳ ድምፁ የታፈነ ነው።

ወረቀቱም እንዲሁ ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። መኪናው በባንክ የብድር መያዣ ወይም በፍርድ ቤት ዕግድ የተያዘ አለመሆኑ ፋይሉ ካለበት መሥሪያ ቤት ይጣራ። የዓመቱ ምርመራ ጊዜ ያለፈበት ከሆነ፣ ሻጩ ራሱ አስመርምሮ ቦሎውን አውጥቶ ያስረክበን። መኪናው ምርመራውን ማለፉን ሳናይ ገንዘብ መክፈል የለብንም። ክፍያውም ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ሲፈረም ይሁን እንጂ ሻይ ቤት ተቀምጦ በእጅ በእጅ አይሁን።

አሁን ወደ አንድ ከባድ ነገር ልምጣ። ይህን አሳቤን ለኮሚቴው ሳቀርብ አንዲት እናታችን «ልጄ፣ ሰው በነሐሴ ተቸግሮ ሲሸጥ ጠብቀን ልንገዛ ነው? ይህ ለዕድር ይሆናል ወይ? ዕድር የተቋቋመው ለተቸገረ አይደለም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እውነቴን ነው፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዚያ ነሐሴ መኪናዬን ስሸጥ የነበርኩት ሰው ትዝ አለኝ።

ካሰብኩበት በኋላ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። በነሐሴ የምንገዛው የሰውን ጉሮሮ ለማነቅ አይደለም። በነሐሴ የምናገኘው ጥቅም ምርጫና ፋታ ነው፤ ሦስት አራት መኪና በረጋ መንፈስ ማየት እንችላለን፤ «ሌላ ገዢ አለ» ብሎ የሚያስቸኩለን የለም። ዋጋውን በተመለከተ መካኒኩ ይገምት፤ ከግምቱ ላይ የሚያስፈልገው ጥገና ይቀነስ፤ የቀረውን እንክፈል። ሰውየው ጭንቅ ላይ መሆኑን አይተን ከዚያ በታች ብንወርድ ግን፣ በዚያ መኪና ድንኳን ጭነን ሐዘንተኛ ቤት ስንሄድ ምን ዓይነት ሰዎች ነን? እናታችን ይህን ስነግራቸው «እንዲህ ከሆነ ይሁን» ብለዋል። እኔም በቃለ ጉባኤው እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ።

ስለሆነም ኮሚቴው ለጠቅላላ ጉባኤው የሚያቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ሦስት ሰዎች ይመረጡ። ከሦስቱ አንዱ ሹፌር የነበረ ይሁን። እኔ ግን እንዳልመረጥ እለምናለሁ፤ ጸሐፊው መዝገብ ይያዝ እንጂ ገንዘብ ይዞ ገበያ አይውጣ። ደግሞም የመቸኮል ጠባዬን ነግሬያችኋለሁ።

ሁለተኛ፣ በአገልግሎቱ ተከፍሎት የሚመረምር መካኒክ ይያዝ። ከሻጩም ከደላላውም ጋር ትውውቅ የሌለው ይሁን።

ሦስተኛ፣ ካለን ገንዘብ አምስት እጅ ተደርጎ አራቱ ብቻ ለመኪናው ይመደብ። አንደኛው እጅ ለስም ማዛወሪያ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለጎማና ለመጀመሪያው ጥገና ይቀመጥ። ያገለገለ መኪና በተገዛ በማግስቱ ገንዘብ ይጠይቃል።

አራተኛ፣ ፍለጋው በሰኔ በጨረታው ይጀመር፤ ሐምሌና ነሐሴን ይቀጥል፤ በመስከረም መጨረሻ ይዘጋ። እስከዚያ የሚሆን ካልተገኘ ተመልሰን እዚሁ እንምከር እንጂ በጥቅምትና በኅዳር ተደናግጠን አንግዛ። በመካከሉ ሞት ቢደርስ ሁለት መኪና አስቀድመን በቃል እንያዝ፤ አንዱ ቢያስቸግር ሌላው ይደርሳል። የነሐሴው ነገር ዳግመኛ እንዳይደርስ መላው ይኸው ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር ላስታውስ። ይህ ገንዘብ የተጠራቀመው በየወሩ ነው። ጉልት ቸርቻሪዋ እናታችን ከሽንኩርቷ፣ ጡረተኛው አባታችን ከጡረታው፣ ዘበኛው ወንድማችን ከደመወዙ እየቆረሱ ያመጡት ነው። መዝገቡን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ ማን በዝናብ እየረጠበ መጥቶ እንደከፈለ አውቃለሁ። እንግዲህ እነሱ በዝናብ መጥተው የከፈሉትን፣ እኛም በዝናብ ወጥተን መኪናውን ብናይበት አይበዛባቸውም።

አሳብ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።