ስለ መኪና የፊት እግር ሕመምና ስለ መድኃኒቱ
(በደብረ ታቦር ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር)



በቅኔ ቤት ያደግሁ፤ በጽሕፈት ሥራ የምኖር ሰው ስሆን ስለ መኪና ልናገር መነሣቴ ያስደንቃችሁ ይሆናል። ነገር ግን መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤታችሁ የሚመጣው፤ ሕመምተኛም ወደ ሐኪም የሚደርሰው በመኪና ነውና፤ የመኪናን ጤና ማወቅ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም።

አገራችን ለመንኰራኵር ጥበብ እንግዳ አይደለችም። ከዚህ ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኘው በጋፋት፤ ዓፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሠራተኞችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠሩ። ክብደቱ 7000 ኪሎ ገደማ ነበር። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በሰረገላ ሲጎተት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ አሠሩ፤ ጉዞውም ወራት ፈጀ። መድፉን ማቅለጥ አንድ ጥበብ ነው፤ ያን ሸክም በገደልና በአቀበት ማስኬድ ግን ሌላ ጥበብ ነው። ዛሬም ከወረታ ሜዳ ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየወጣ ደብረ ታቦር የሚገባ፤ ከዚያም ወደ ጋይንት የሚያልፍ መኪና ሁሉ ያንኑ ፈተና በየቀኑ ይቀበላል።

የመኪና የፊት እግር እንደ ሰው እግር መገጣጠሚያ አለው። ሞላው ወይም ባልስትራው ሸክሙን ይችላል፤ አሞርዛተሩ የሞላውን መንጠር ያበርዳል፤ ጎማ የለበሱት ቡሾች የብረትን ከብረት መጋጨት ይከለክላሉ። ቴስቲና የሚባለው ደግሞ የዳሌ አጥንት በጎድጓዳ ቤቱ እንደሚዞር በቤቱ ውስጥ የሚዞር ኳስ መሳይ ብረት ነው። የጎማ ልብሱ ተቀዶ አቧራና ውኃ ሲገባበት፤ ግራሶውም ሲያልቅ ይበላል፤ እየሰፋም ይሄዳል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የተሳፈርሁባት አንዲት መኪና የፊት ጎማዋን በአንድ ወገን ብቻ ትበላ ነበር። ባለቤቷ ጎማ በጎማ ላይ ሁለት ጊዜ ለወጠ፤ ምክንያቱን ግን አልመረመረም። ወደ ወረታ ስንወርድ ከፊት በኩል «ቋ፤ ቋ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሾፌሩ አቁሞ ቢያይ ቴስቲናው ከቤቱ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ቢወጣ ኖሮ ጎማው ይታጠፍ፤ መሪውም ከንቱ ይሆን ነበር፤ ከበስተ ግራችንም ገደል ነበረ። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ይዞ ወርቁን ቢስት መምህሩ ይገሥጸዋል፤ የጎማው መበላት ሰም ነበር፤ ወርቁ ቴስቲናው ነበር።

እንግዲህ ምርመራው እንዲህ ነው። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቁም፤ የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ፤ የፊቱ በክሪክ ከተነሣ በኋላ ጽኑ ድጋፍ ይደረግበት። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር መግባት ሞትን መጥራት ነው። ሞላው በታችኛው ክንድ ላይ ባረፈበት መኪና ድጋፉ ከክንዱ በታች ይሁን፤ አለዚያ ሸክሙ ቴስቲናውን አጥብቆ ይይዝና ጉድለቱን ይሰውራል።

ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው። ቢላወስ፤ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ መላወሱ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ የቴስቲናው ወይም የቡሹ ነው። ጎማው ከግራና ከቀኝ ተይዞ ሲነቀነቅ የሚላወስ ከሆነ ደግሞ የመሪው ዘንግ ቴስቲና ይመርመር። አሞርዛተሩን ለማወቅ መኪናው መሬት ሳለ ጥጉን ወደ ታች ተጭኖ መልቀቅ ነው፤ ደጋግሞ ከነጠረ ወይም ዘይት ካፈሰሰ ደክሟል።

ስለ መለወጡም ጥቂት ልበል። የተበላ ቴስቲና በብየዳ አይድንም። የመሪውን ዘንግ ቴስቲና የሚፈታ ሰው ስንት ዙር እንደ ፈታ ቈጥሮ ይጻፍ፤ አዲሱንም በዚያው ቍጥር ይግጠም። የዳዶው መቆለፊያ ሽቦ አዲስ ይሁን፤ ቀዳዳው ባይገጥም ዳዶው ጥቂት ይጥበቅ እንጂ አይላላ። የቡሽ ብሎን የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ ነው፤ ተንጠልጥሎ ቢጠብቅ ጎማው ተጠማዞ ቶሎ ይቀደዳል። አሞርዛተር ጥንድ ጥንዱን ይለወጣል። የተጨመቀ ሞላ ግን እንደ ጥይት ይፈናጠራልና ያለ መጨመቂያው መሣሪያ ማንም አይንካው። በመጨረሻ የጎማዎቹ አቅጣጫ ይለካ፤ ጥቂት ከተነዳም በኋላ ዳዶው ሁሉ እንደ ገና ይታይ።

መምህራን ሆይ፤ ይህን ለልጆቹ ስታስተምሩ ከምልክት ወደ ምክንያት መሄድን ታስተምሩአቸዋላችሁ፤ ይህም ለመኪና ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ሽማግሌዎች ሆይ፤ አደጋ በደረሰ ጊዜ ከዛፍ ሥር ተቀምጣችሁ የሟችን ወገንና የባለ መኪናውን ወገን የምታስታርቁ እናንተ ናችሁ። «እስከ ገበያው ቀን ይድረስ» የሚል ባለ መኪና ስታገኙ፤ ድምፁንም ስትሰሙ በትሕትና «ልጄ፤ አቁምና እየው» በሉት። ካሣ ከመቈረጡ በፊት የሚነገር አንድ ቃል ከብዙ ቀን ሽምግልና ይበልጣልና።