አርሳ የተመለሰችው ሯጭ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



የመናገር ተራው ሲደርሰኝ ስለ ቁጠባ እንደማወራ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ የማነሳው ግን አትሌት ደራርቱ ቱሉን ነው። ታገሱኝ፣ ወደ ቁጠባው እመለሳለሁ።

ደራርቱ የበቆጂ ልጅ ናት። በቆጂ አርሲ ውስጥ ያለች፣ እንደ ዳባትና ደባርቅ ብርድ የማይለያት፣ ገብስ የሚዘራባት ደጋ ናት። ደራርቱም ከብት እየጠበቀች ነው ያደገችው። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ 10,000 ሜትሩን ስታሸንፍ ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበረች። ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ በመውሰድ የመጀመሪያዋ ሆነች። ሁለተኛ ከወጣችው ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ከኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ በቴሌቪዥን ያየን እዚህ አለን።

ይህን ሁሉም ያወራዋል። እኔን የሚገርመኝ የኋላው ነው። በአትላንታ አራተኛ ወጣች። ከዚያ ሴት ልጅ ወለደች፣ ከውድድርም ራቀች። የአራስ ቤትን ነገር ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ወገቡ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ጡቱ። እሷ ግን መስከረም 20 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ በ30 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ገብታ እንደገና ወርቅ ወሰደች። በዚያ ርቀት ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ተከትላት የገባችውም የእኛው ክልል ልጅ ጌጤ ዋሚ ነበረች። በአቴንስ ነሐስ ጨመረች። ሁለተኛ ልጇንም ወልዳ፣ በ37 ዓመቷ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2002 ዓ.ም. የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች።

«እሷ ደራርቱ ናት» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ የሮጠችው በገዛ እግሯ ነው። ግን «ወልዳለች፣ አበቃላት» ተብሎ ስሟ ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ እግሯ ብቻውን ምን ያደርግላት ነበር?

እኔ እዚሁ ጎንደር ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ በሦስተኛ ወሬ ስመለስ መኪናዬ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። ለልጅቱ አልተቀየምኩም፤ እሷም እንጀራ ፈላጊ ናት። ቤቴ ገብቼ ግን ብዙ አለቀስኩ።

አሁን ወደ ቁጠባው ልመለስ። የእኛው መተዳደሪያ ደንብ ሦስት ወር መዋጮ ያቋረጠችን አባል ያሰናብታል። ስንጽፈው ሰነፍ እንዳይበዛብን ብለን ነበር፤ እኔም እጄን አውጥቼበታለሁ። ነገር ግን አራሷንም አብሮ ያስወጣል። ከመሀላችን በዚህ ምክንያት ወጥተው ያልተመለሱ እንዳሉ ታውቃላችሁ። ስማቸውን አልጠራም።

የምጠይቀው ይህን ነው። የወለደች አባል ስድስት ወር ቦታዋ ይጠበቅላት፣ ቅጣት አይቆጠርባት፣ ያላዋጣችውን ስትመለስ በትንሽ በትንሹ ትክፈል። ደጋፊዎቻችን አትስጉ፣ ለዚህ ገንዘብ አንጠይቃችሁም። የሚፈለገው ከደንቡ ላይ አንድ መስመር መለወጥ ነው። ሐሳቡን በጽሑፍ ለጸሐፊያችን ሰጥቻለሁ፤ ከቡናው በፊት ድምፅ እንስጥበት።